የክረምቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ትምህርት፦ ልጄን ልኬ ያየሁት

ቀበና ውስጥ፣ በአንድ ግቢ አዳራሽ፣ በየክረምቱ የሚሰጥ የንባብ ትምህርት አለ። ሰፈሩ «የእነ ጋሼ ትምህርት» ይለዋል። ሌላ ስም የለውም፤ ታፔላም አልሰቀሉም። አስተማሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። ሁለተኛዋ ወጣት መምህርት ናት፤ እሷን «ቲቸር» ነው የሚሏት። ሁለቱ ሆነው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ይሰበስቡና ክረምቱን ሙሉ አንድ ልብ ወለድ ያስነብባሉ። ዘንድሮ ያስነበቡት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

ክፍያው ለክረምቱ በሙሉ 3,000 ብር ነው። ወንድምና እህት ከመጡ ለሁለተኛው ግማሹን ይቀንሳሉ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ይማራሉ። ልጄ ዘንድሮ ገብታ ጨርሳለች። ሱቄ የሚመጡ እናቶች «እንዴት ነው? ለገንዘቡ ይሆናል?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንድ ጊዜ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አስተማሪ አይደለሁም። ግን የእጅ ሥራዬን ይዤ አዳራሹ ጥግ እየተቀመጥኩ ብዙውን በዓይኔ አይቻለሁ። ወላጅ ገብቶ እንዲያይ ይፈቅዳሉ። ይህን ብቻውን ወድጄላቸዋለሁ።

ለምን እንደላክኋት ልናገር። ልጄ የምትማረው የግል ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ አማርኛ ማውራት ያስቀጣል። በአማርኛ ክፍለ ጊዜም ቢሆን የሚሰጣቸው አጭር ምንባብ ነው። ከሥሩ «ባዶ ቦታ ሙላ»፣ «አዛምድ»፣ በቃ። ልጅቷ በአማርኛ ትጫወታለች፣ ትቀልዳለች፣ ከወንድሟ ጋር ትጨቃጨቃለች። አንድ ሙሉ ገጽ ስታነብ ግን ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ እየተንፏቀቀች ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለባት፤ አማርኛም አለበት። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ፈተናው አልነበረም። አያቷ ስትተርክላት በየመሃሉ «ምን ማለት ነው?» እያለች ታቋርጣታለች። እናቴም ትተክዝና ወሬውን ትተወዋለች። ይህ ነው የከነከነኝ።

መጽሐፉ «ፍቅር እስከ መቃብር» መሆኑን ስሰማ ግን ፈራሁ። ከ500 ገጽ በላይ ነው። የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን የጎጃም ኑሮ ነው የሚያሳየው። ማዕረጉ፣ ግብሩ፣ የቅኔ ቤቱ ሕይወት ለዛሬ የአዲስ አበባ ልጅ ሩቅ ነው። ጀምሮት ያስቀመጠው አዋቂ እንኳ ስንት አለ። ሄጄ ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ሁሉንም አናነብም እመቤት፤ የምናነበውን ግን በደንብ እናነባለን» አሉኝ።

እንዳሉትም አደረጉ። የተመረጡ ምዕራፎችን ልጆቹ ራሳቸው ምንም ሳይዘሉ ያነባሉ። በመካከል ያለውን ጋሼ በቃላቸው ይተርኩላቸዋል። የታሪኩ ዋና ሰው የበዛብህ አባትና እናት፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ ማንኩሳ ላይ የሚገናኙበት መጀመሪያው ሙሉውን ተነበበ። ልጁ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠበት፣ ዲማ ሄዶ የተማረበት፣ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር የገባበት፣ የዘመኑን ልማድ የሚነቅፈው ጉዱ ካሣ የሚናገርባቸው ቦታዎች፣ የገበሬዎቹ አመፅ እንዲሁ። ምርጫቸው ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉን አሳጥሮ በቀላል አማርኛ የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ ልጆቹ ታሪኩን ያገኙ ነበር፤ የደራሲውን አማርኛ ግን አያገኙም ነበር። እነ ጋሼ ገጹን ቀነሱ እንጂ ቋንቋውን አልነኩም።

የመጀመሪያው ሳምንት የጀመረው በመጽሐፉ ሳይሆን በጆሮ ነው። ጋሼ ስልካቸውን ከስፒከር ጋር አገናኝተው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን ያነበበበትን ትረካ ከፈቱ። የእኛ እናቶች ያንን ትረካ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ነው የሚያውቁት። ልጆቹ መጀመሪያ ተሳሳቁ፣ ተጎሻሸሙ። ቀስ እያሉ ዝም አሉ። አንድ ሰው ነው የሚያነበው፤ ግን ፊታውራሪው ሲናገሩና በዛብህ ሲናገር ሁለት ሰው ነው። ቲቸር መሃል ላይ እያቆመች «አሁን የተናገረው ማን ነበር? በምን አወቃችሁ?» ትላለች። ከዚያ የቤት ሥራው መጣ። እያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ይመርጣል፣ በስልክ ይቀዳል፣ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀዋል። ሰሚው ስም ሳይጠራለት ማን እንደተናገረ መለየት አለበት።

ሲታይ ቀላል ነው። ልጄ ግን ያንን ግማሽ ገጽ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ፀጉሯን እየተሠራች፣ አልጋዋ ላይ ሆና ስትደጋግመው ከረመች። አንድ ማታ «እማዬ፣ አራት ነጥቡ ላይ ካልቆምኩ ትንፋሼ ያልቅብኛል» አለችኝ። ሥርዓተ ነጥብ ምን እንደሚሠራ ማንም እንደዚያ አላስተማራትም ነበር። ጣቷን ከፊደሉ ላይ ያነሳችውም በዚያ ሳምንት ነው። እናቴ ደግሞ የልጆቹን ቅጂ በሙሉ አስከፍታ ሰማች። «ይኼኛው ፊታውራሪ አይመስልም፤ ልጁ ይጮኻል እንጂ አይቆጣም» እያለች አስተያየት ትሰጥ ነበር። አስተያየቷን ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። ልጁ እንደገና ቀድቶ ላከ፤ በጣም ተሻሽሎ ነበር።

ወደ ዋናው ልምጣ። የክረምቱ ትልቁ ነገር ችሎቱ ነው።

ድሮ ሙግት የሚካሄደው በ«በላ ልበልሃ» ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ይቆማሉ፣ ዱላቸውን እየጠቆሙ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ ይሟገታሉ። ጋሼ ይህንን ነው ክፍል ውስጥ ያመጡት። ተከሳሹ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው፤ ከሳሾቹ ገበሬዎቻቸው። ክሱ ፊታውራሪው በገበሬዎቹ ላይ የጣሉት ግዴታ ነው። በልብ ወለዱ ገበሬዎቹ እምቢ ይላሉ፣ ፊታውራሪው ይዘምቱባቸዋል፣ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ደግሞ ፊታውራሪውን ይማርኳቸዋል። ይህ ሁሉ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ልጆቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የፊታውራሪው ወገን የደረሰው ወደደም ጠላም ለፊታውራሪው ይሟገታል። የእኔዋ የፊታውራሪው ወገን ደረሳት። አኩርፋ ነው ቤት የመጣችው። «እኔ የበደለኛ ጠበቃ አልሆንም» አለች። ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፉን ይዛ ክፍሏን ዘጋች።

የችሎቱ ሕግ እንዲህ ነው። የሚባለው ነገር ሁሉ ከመጽሐፉ መደገፍ አለበት። ተሟጋች አንድ ነገር ሲናገር ባላጋራው «ዋስ ጥራ!» እንደሚባለው «ገጽ ጥራ!» ይለዋል። ገጹን አውጥቶ ካላነበበ ንግግሩ ይሰረዛል፣ ውርርዱንም ይከፍላል። ማሩ በዳቦ ቆሎ ተተክቷል። ሁለቱን ተሟጋቾች በነጠላ ጫፍ አቆራኟቸው፤ ድሮ ቁራኛ የሚባለው መሆኑ ነው። ሲሟገቱ አንዱ ሲራመድ ሌላው ይጎተታል። ልጆቹ በዚህ ብቻ ተደሰቱ።

ለገበሬዎቹ የቆመው ሁልጊዜ ኋላ የሚቀመጥ ቀጭን ልጅ ነበር። እስከዚያ ቀን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። «በላ ልበልሃ!» ብሎ ጀመረ። «ፊታውራሪ ገበሬውን እንደ ሰው አይቆጥሩትም!» አለ። ልጄ ወዲያው «ገጽ ጥራ!» አለችው። ልጁ መጽሐፉን ገለጠ፤ አጣው። የእሱ ወገን በሙሉ መጽሐፍ ያገላብጥ ጀመር። አንዷ «ከላይ ነው፣ ከላይ! ከግብሩ በፊት!» ትላለች። አገኘው። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ አነበበው፤ ሲጨርስ ግን አልተንቀጠቀጠም። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት፤ ዳኛዋ ጠረጴዛ መትታ ዝም አሰኘቻቸው።

ከዚያ የልጄ ተራ ሆነ። «ተጠየቅ!» አለች። «ልጠየቅ!» አላት። «ፊታውራሪ ይህንን ልማድ ራሳቸው ፈጠሩት ወይስ ከአባቶቻቸው ተቀበሉት?» ልጁ ትንሽ አሰበና «ተቀበሉት» አለ። «ታዲያ የምትከሰው እሳቸውን ነው ወይስ አባቶቻቸውን?» አዳራሹ ተንጫጫ። እኔም መርፌዬን አስቀመጥኩ። ከገበሬዎቹ ወገን አንዲት ልጅ ተነስታ «የወረሰ ሰው የወረሰውን መተው ይችላል፤ ጉዱ ካሣም የባላባት ዘመድ ነው፤ እሱ ግን እንደነሱ አላሰበም» አለች። «ገጽ ጥሪ!» ተባለች። ጠራች።

ፍርዱ ለገበሬዎቹ ሆነ። ልጄ ዳቦ ቆሎዋን ከፈለች። ማታ እራት ላይ ግን ሙግቱ ከወንድሟ ጋር ቀጠለ። «አሁንም አልወዳቸውም፤ ግን እሳቸውም እንደዚያ ሆነው ነው ያደጉት» ትለዋለች። መጽሐፉን ያላነበበው ወንድሟ «ምን አደረጉ?» ብሎ ስለጠየቀ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገረችው።

ከችሎቱ በኋላ ሌላውን ሥራ ሁሉ የማይበት መለኪያ አገኘሁ። ጨዋታው ልጁን ወደ መጽሐፉ ይመልሰዋል ወይ? ከመለሰው ደስታውም ትምህርቱም አለ። ካልመለሰው ልጁ ይደሰታል፤ ልብ ወለዱ ግን ተረስቷል። በዚህ መለኪያ የእነ ጋሼ ትምህርት አብዛኛው አለፈ። አንዱ ግን አላለፈም።

እሱም «የአልባሳት ቀን» ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጸ ባሕርይ መርጦ እንደሱ ለብሶ ይመጣል። ይህ በእኔ ሙያ የመጣ ስለሆነ በደንብ ተመልክቼዋለሁ። ብዙ ወላጅ እኔ ጋ አሠርቷል። ለፊታውራሪ ካባ ሰፋሁ፣ ለሰብለ ጥልፍ ቀሚስ ሰፋሁ። ሲታይ ያምራል። ፎቶ ተነሱ፣ አንድ በአንድ እየተራመዱ ስማቸውን ተናገሩ፣ አለቀ። በዚያ ቀን መጽሐፍ የከፈተ አንድም ልጅ አላየሁም። ሰብለ ሆነው የመጡት ሴቶች ልጆች ብዙ ነበሩ። ሁሉም ያጌጡ ናቸው። ግን በታሪኩ ውስጥ የሰብለ ትልቁ ልብስ ጥልፍ ቀሚሱ አይደለም። ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ የወጣችው ወንድ መነኩሴ መስላ ነው። እንደ መነኩሴ ለብሳ የመጣች አንዲት ልጅ አልነበረችም።

ይህንን ለቲቸር ነገርኳት። ልጆቹ ልብስ ከመምረጣቸው በፊት ገጹን ቢፈልጉስ? አንዲት የባላባት ልጅ ወንድ መነኩሴ ለመምሰል ምን መደበቅ አለባት? ፀጉሯን? እጇን? አረማመዷን? ድምፅዋን? ሳታስበው የሚያጋልጣት ምንድን ነው? እኔ ልብስ ስሰፋ ሰው በልብሱ ሌላ ሰው እንደሚሆን በየቀኑ ነው የማየው። ከዚህ ጥያቄ አንድ ሙሉ ጠዋት ይወጣል፤ ውድ ጨርቅም አያስፈልግም። ወላጅ ለካባ ያወጣው ገንዘብም ይድን ነበር። ቲቸር ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ደብዳቤው ደግሞ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። በልብ ወለዱ ሰብለና በዛብህ ይጻጻፋሉ። ልጆቹ እነዚያን ደብዳቤዎች ካነበቡ በኋላ ራሳቸው እንዲጽፉ ታዘዙ። ግን የሁለቱን ፍቅረኞች ደብዳቤ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ ሐሳቡን በደንብ ያልሰማነው ሰው መርጠው ነው የሚጽፉት። አጻጻፉ እንደ ድሮው ነው፤ «ይድረስ ለ» ብሎ ጀምሮ፣ ጤና ጠይቆ፣ የራስን ደኅንነት ነግሮ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ። ቴሌግራም ላይ በሁለት ፊደል ሰላም የሚባባሉ ልጆች መጀመሪያ ላይ ጤና መጠየቁ ረዘመባቸው። ጋሼ ግን «ሰውየው ደብዳቤው እስኪደርሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስቡ፤ ታሞ ይሆናል፣ ሞቶም ይሆናል» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አላጉረመረመም።

ልጄ የመረጠችው የሰብለን እናት፣ ወይዘሮ ጥሩአይነትን ነው። ከጠፋችው ልጇ ጋር አጻጻፈቻት። ፈቃዷን ጠይቄ ጥቂት መስመር እዚህ አስገብቻለሁ፦

«ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሰብለ። እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። አባትሽ ሲቆጣ ዝም ያልኩት ስላልወደድኩሽ አይደለም። እኔም በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ መጠየቅ እንደሚቻል አላወቅሁም ነበር።»

ይህንን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት የጻፈችው። መጽሐፉ ውስጥ እናትየው እንዲህ አላለችም፤ ልጄ ግን እናትየው ያለችባቸውን ገጾች ሁሉ ፈልጋ አንብባ ነው እዚያ የደረሰችው። በደብዳቤው ላይ ቲቸር ቀይ እስክሪብቶ አላነሳችም። የፊደል ስህተቱን ለብቻው በወረቀት ጽፋ አያይዛ ሰጠቻት፤ ደብዳቤውን በደብዳቤ መለሰችላት። ይህ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። ለሁሉም ልጅ አድርጋዋለች።

ድንጋዩንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ጉዱ ካሣ የኅብረተሰቡን አቋም ከድንጋይ ካብ ጋር የሚያስተያይበት ቦታ አለ። ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂም ከባድ ንግግር ነው። ጋሼ ልጆቹን ግቢው ውስጥ አሰማርተው ድንጋይ አስለቀሙ። እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በኖራ ተጻፈ፤ ጭሰኛ፣ ወታደር፣ ቄስ፣ ፊታውራሪ፣ እያለ ወደ ላይ። ካቡ ተካበ። «አሁን የላይኛው ሳይነቃነቅ የታችኛውን አውጡ» አሏቸው። ሞከሩ፣ ፈረሰ። እንደገና ካቡ፣ ፈረሰ። ከዚያ ቁጭ ብለው ንግግሩን አነበቡት። አንድ ልጅ «ጉዱ ካሣ ይፍረስ ነው የሚለው ወይስ ሳይፈርስ ይታደስ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ አልመለሱለትም። «አንብበው» አሉት። ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩ። ጉዱ ካሣን የዲማ ሰው ለምን እብድ እንዳለውም በዚያው ተነሳ።

ካርታውን ባጭሩ። ትልቅ ወረቀት ላይ ማንኩሳን፣ ዲማን፣ ዓባይን፣ አዲስ አበባን አስቀምጠው የበዛብህንና የሰብለን መንገድ ሳሉ። ጥሩ ነው። ልጆቹ ከአዲስ አበባ እስከ ጎጃሟ ደብረ ማርቆስ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አውቀው፣ ሰብለ ወደ አዲስ አበባ በእግሯ መነሳቷ ገረማቸው። የዓባይ በረሃ ለምን እንደሚፈራም ገባቸው። ቀለም መቀባቱ ግን ብዙ ሰዓት በላ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር።

ልጆቹ ብዙ ናቸው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ የሚጠጋ ልጅ ለሁለት መምህር ይከብዳል። ደፋር ደፋሮቹ ሁልጊዜ ይናገራሉ። ችሎቱ ላይ በተራ ስለሆነ ሁሉም ተናገረ፤ በሌላው ቀን ግን እነዚያው አራት አምስት ልጆች ናቸው። ከሃያ ባይበልጡ ጥሩ ነው፤ እኔ በበኩሌ ክፍያው ትንሽ ቢጨምር አልቃወምም።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ የያዙት የተለያየ ዘመን እትም ነው። የአንዱ ገጽ ቁጥር ከሌላው አይገጥምም። «ገጽ ጥራ!» ሲባል የአንዱ ልጅ ገጽ ሌላው ጋ ሌላ ነገር ይሆናል። ችሎቱ በዚህ ደጋግሞ ቆሟል። ሲመዘገቡ የትኛውን እትም መግዛት እንዳለብን ቢነግሩን ይቀላል፤ ወይም ምዕራፉን እንዲጠሩ ያድርጉ።

ትልቁ ቅሬታዬ መጨረሻው ነው። ሰብለና በዛብህ በመጨረሻ የሚገናኙት እሱ ሊሞት ሲል ነው። ኋላ ሰብለና ጉዱ ካሣም ከእሱ ጋር አንድ ቦታ ይቀበራሉ። የመጽሐፉ ስም ራሱ ወደዚህ ነው የሚሄደው። እነ ጋሼ ግን ጊዜ አልቆባቸው ይህንን በአንድ ጠዋት ጨረሱት። ልጆቹ እያለቀሱ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ወንዶቹም ጭምር። አንዷ «ጉዱ ካሣን ለምን ከነሱ ጋር ቀበረው? እሱ ፍቅረኛ አይደለም» ብላ ጠየቀች። ከጥያቄ ሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነው። መልስ ሳይፈለግለት የምስክር ወረቀት አሰጣጡ ተጀመረ። የአልባሳት ቀኑን ሰርዘው ለዚህ ቢሰጡት እላለሁ።

አንዳንድ ወላጅ ደግሞ «በዚህ ዕድሜ የፍቅር ታሪክ?» ይላል። አንድ አባት ልጃቸውን በሁለተኛው ሳምንት አስወጥተዋታል። ስጋታቸውን አልንቅም፤ እኔም ሴት ልጅ ነው ያለኝ። ግን ልጆቹ ታሪኩን ያውቁታል፤ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀርቧል። በመጽሐፉ ያገኙት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። እናት በተሳለችው ስለት ልጅ ይገደዳል ወይ? ለአንዲት ልጅ ባል የሚመርጥላት ማን ነው? ዘር ሰውን ከሰው ያበላልጣል ወይ? እነዚህን ቤቴ ውስጥ፣ በእኔና በአያቷ ፊት ብትጠይቅ ይሻለኛል። እየጠየቀችም ነው።

ይህንን የሚያነብ የአማርኛ መምህር ካለ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቀው መጽሐፉ ብቻ ነው። ድንጋይ የትም አለ፤ ነጠላ ከቤት ይመጣል፤ ደብዳቤ ደብተር ላይ ይጻፋል። በክፍሉ አሥር መጽሐፍ ብቻ ቢኖር ችሎቱን ማካሄድ ይቻላል፤ ገጹን የሚፈልገው ቡድን ነው እንጂ አንድ ልጅ አይደለም። ስልሳ ልጅ ያለው ክፍል ውስጥ ሁሉም ባይሆን ደብዳቤውና ችሎቱ ይሠራሉ። እነ ጋሼም ለሚጠይቃቸው መምህር የሥራ ወረቀታቸውን ሳይሰስቱ ይሰጣሉ።

ለሚቀጥለው ክረምት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ» አስበዋል። ሮም ውስጥ በ1900 ዓ.ም. የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ነው። በጣም አጭር ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር መነበብ ይችላል፤ አማርኛው ግን ከሐዲስ ዓለማየሁ ይከብዳል። እዚያም አንዲት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ትወጣለች። ዘንድሮ የተማሩት ልጆች ከሰብለ ጋር ሊያነጻጽሯት ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ብትገባም ትመጣለች፤ ዳኛ እንድትሆን ጠይቀዋታል።

ምዝገባው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወላጅ ብቻውን ቢሄድ አይመዘግቡም። ልጁን አንድ ገጽ ያስነብቡታል። ከበደው ብለው አይመልሱትም፤ ከማን ጋር እንደሚያስቀምጡት ለማወቅ ነው። መጽሐፉን ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የትኛውን እትም እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው።